ከክፍል ውጭ ያለው ግቢ፦ የዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎት እንዴት ይሠራል?

ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ በሚጠሩበት ሰሞን መናኸሪያ የወረደ ሰው ፍሬሽ ተማሪን ለመለየት አይቸገርም። ትልቅ ሻንጣ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ በፌስታል የተቋጠረ በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ በሌላው እጅ ደግሞ ከጆሮ የማይወርድ ስልክ። ከስልኩ ማዶ እናት አለች። የምትጠይቀው ስለ ትምህርቱ አይደለም። "ደረስክ ወይ? የት ልታድር ነው? እህል ቀምሰሃል?" ነው የምትለው።

የእናትን ጥያቄ የሚመልሰው መምህሩም ሬጅስትራሩም አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች አገልግሎት፣ የተማሪዎች ዲን ወይም የተማሪዎች ጉዳይ እየተባለ የሚጠራው ክፍል ነው። ሥራውን በደንብ ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም። ወሬው የሚነሳው ወጡ ሲቀጥን ወይም ግቢ ሲረበሽ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ባለ ጊዜም ብዙ ወላጆች "100 ብሩን ለልጄ በእጁ ይሰጡታል?" ብለው ጠይቀውኛል። ከምግቡ ጀምሮ እስከ ምረቃው ድረስ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ በምግብ ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያየሁትንም እጨምርበታለሁ።

ይህ ክፍል በትክክል ምን ይሠራል?

ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚያሳልፈው በቀን ቢበዛ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ነው። የቀረው ጊዜ በሙሉ በተማሪዎች አገልግሎት እጅ ነው ማለት ይቻላል። መኝታ፣ ምግብ፣ ክሊኒክ፣ የምክር አገልግሎት፣ የሥነ ምግባር ጉዳይ፣ ስፖርትና መዝናኛ፣ ክበባት፣ የተማሪዎች ኅብረት፣ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች ጉዳይ፣ አዲስ ተማሪ መቀበል፣ ተመራቂ መሸኘት ሁሉ እዚህ ይገባል።

አወቃቀሩ ከግቢ ግቢ ይለያያል። በብዙዎቹ ከላይ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ከሥሩ የተማሪዎች ዲን ወይም ዳይሬክተር አለ። ከዲኑ ሥር የመኝታ አገልግሎት፣ የምግብ አገልግሎትና የምክር አገልግሎት ኃላፊዎች አሉ። ተማሪው በየቀኑ የሚያገኛቸው ግን ከእነዚህ በታች ያሉትን ሰዎች ነው፦ ዶርም ላይ ሕንጻውን የሚቆጣጠረውን ፕሮክተር፣ ካፌ በሚባለው የተማሪዎች መመገቢያ በር ላይ ካርድ የሚያየውን ቲከር፣ መስኮት ላይ እንጀራ የምታቀርበውን ሠራተኛ፣ በር ላይ ጥበቃውን። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ማን እንደሆነ የማያውቅ ተማሪ ሞልቷል፤ የብሎኩን ፕሮክተር የማያውቅ ግን የለም።

አንድ ነገር መጀመሪያ ቢያዝ የቀረው ሁሉ ቀላል ይሆናል። የዚህ ሥራ መሠረቱ የስም ዝርዝር ነው። ስንት ተማሪ አለ? ማን ማን ነው? የት ያድራል? የት ይበላል? ዝርዝሩ ከተዛነፈ አልጋውም ወጡም ይዛነፋል። ግቢ ውስጥ ከምንሰማቸው ቅሬታዎች ብዙዎቹ ሲፈተሹ መነሻቸው ይኸው ነው።

100 ብሩ የት ይገባል?

ካፌ ለሚመገብ ተማሪ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ የለም። 100 ብሩ የዩኒቨርሲቲው የምግብ በጀት የሚሰላበት ተመን ነው። አሥር ሺህ ተማሪ ያለው ግቢ በ22 ብር ሲሰላ በቀን 220 ሺህ ብር ነበረው፤ በ100 ብር ሲሰላ ግን በቀን አንድ ሚሊዮን ብር ይሆናል። ዕድገቱ ትልቅ ይመስላል፣ ትልቅም ነው። ሆኖም ለሦስት ማዕድ ሲካፈል ለአንድ ጊዜ ምግብ 33 ብር ገደማ ነው የሚደርሰው። ዛሬ በ33 ብር ከግቢ ውጭ ምን እንደሚበላ አንባቢው ያውቀዋል። ካፌ በዚህ ገንዘብ ምሳ ሊያቀርብ የሚችለው በጅምላ ስለሚገዛና ትርፍ ስለማይጨምርበት ነው።

መጠኑን ለመረዳት ሠርግን አስቡ። አምስት መቶ ሰው የሚጠራ ቤተሰብ ከወራት በፊት ጤፍ ያስፈጫል፣ ጎረቤት ይሰበስባል፣ እድር ድንኳንና ድስት ያበድራል፤ ይህ ሁሉ ለአንድ ቀን ነው። ካፌው ሃያ እጥፍ ሰው፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለአሥር ወር ያበላል። አሥር ሺህ ተማሪ ለምሳና ለእራት ሁለት ሁለት እንጀራ ቢደርሰው በቀን 40 ሺህ እንጀራ ያስፈልጋል። ከአንድ ምጣድ በሰዓት 20 እንጀራ ቢወጣ መቶ ምጣድ ለ20 ሰዓት ሳያቋርጥ መሥራት አለበት ማለት ነው። መብራት ለሦስት ሰዓት ሲጠፋ ምን እንደሚፈጠር ከዚህ መገመት ይቻላል። በጀነሬተርና በማገዶ የሚጋግሩ ግቢዎች የኖሩትም፣ በእራት ፋንታ ዳቦ የሚታደልበት ቀን የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ኮሚቴ ሆኜ አንድ ሌሊት ከጤፍ መጋዘኑ ወደ ወጥ ቤት የዞርኩበትን ቀን አልረሳውም። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ነው። እንጀራ ጋጋሪዎቹ ፊታቸው በጭስ ቀልቶ ከምጣድ ምጣድ ይመላለሳሉ። በወዲያኛው ጥግ ለነገ ምሳ የሚሆነው ሽሮ ሊሠራ ሽንኩርት እየተከተፈ ነው። ዋናዋ ወጥ ሠሪ፣ ሁላችንም "እናት" ነበር የምንላት፣ ጠራችኝና የዘይት ጀሪካኖቹን አሳየችኝ። "ልጄ፣ እየው እስቲ። ዘይት የተሰጠኝ ለስድስት ድስት ነው፤ ድስቱ ግን ስምንት ሆኗል። ምን ላድርግ? አከፋፈልኩት።" በማግስቱ ሰልፉ ላይ "ዘይቱን ሰርቀውት ነው" የሚለው ወሬ ግቢውን ሞላው።

ስርቆት የለም ማለቴ አይደለም፤ ኮሚቴ የሚቋቋመውም ለዚያ ነው። የዚያን ሳምንት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ዕቃ ከመጋዘን የሚወጣው በሳምንቱ መጀመሪያ በተመዘገበው የተመጋቢ ቁጥር ልክ ነው። በመካከል ዘግይተው የመጡ ተማሪዎች ገብተዋል፣ ነን ካፌ የሆኑ፣ ማለትም ካፌ መመገቡን ትተው ገንዘቡን በእጅ የሚወስዱ ልጆችም በጓደኛ ካርድ እየበሉ ነበር። የሚበላው ጨመረ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን አልተነካም። ካርዱን ያዋሰው ልጅ ለጓደኛው ውለታ የዋለ መስሎት ነበር፤ ከእያንዳንዱ ሳህን ጥቂት ዘይት እየቀነሰ እንደሆነ አላወቀም። አንዳንድ ግቢዎች ከወረቀት ካርድ ወደ አሻራና ባርኮድ የዞሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መስከረም ላይ ጥሩ የነበረው ምግብ መጋቢት ላይ ለምን ይቀንሳል?

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ የግቢ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። መልሱ ያለው ግዥው ላይ ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዩኒቨርሲቲው ጤፍ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዘይትና ሥጋ የሚገዛው በጨረታ ነው። አሸናፊው ነጋዴ ዓመቱን በሙሉ በአንድ ዋጋ ሊያቀርብ ውል ይፈርማል፣ የውል ማስከበሪያ ገንዘብም ያስይዛል። ከወራት በኋላ የጤፍ ዋጋ ገበያ ላይ ሲዘል ነጋዴው ሁለት ምርጫ ይቀርለታል፦ እየከሰረ ማቅረብ ወይም ማስያዣውን ትቶ መውጣት። ሁለተኛውን የሚመርጥ ጥቂት አይደለም። ከወጣ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አዲስ ጨረታ ማውጣት አለበት፤ ማስታወቂያው፣ ግምገማው፣ ቅሬታ የሚሰማበት ቀን ተደማምሮ ሳምንታት ይፈጃል። ተማሪው ግን ነገ ጠዋት ይርበዋል። በዚህ ክፍተት ነው ጤፍ ከሩዝ ወይም ከማሽላ ጋር የሚደባለቀው፣ ሥጋ ያለበት ቀን ወደ ምስር የሚቀየረው። ከገበሬ ዩኒየን በቀጥታ የሚገዙ ወይም የራሳቸው እርሻና ከብት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ጊዜ በተሻለ ያልፉታል።

የምግብ ዝርዝሩ ሌላም ጣጣ አለው። በረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ የጾም ምግብ ሊኖር ይገባል። በረመዳን ለሚጾሙ ተማሪዎች የካፌው ሰዓት ከማፍጠሪያና ከሰሁር ጋር እንዲሄድ መደረግ አለበት። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ኃላፊ በጾሙ የመጀመሪያ ቀን ጠብ ይጠብቀዋል።

ታዲያ ምግቡና መኝታው ነጻ ነው?

አይደለም። በጣም የሚያሳስበኝ የተሳሳተ ግንዛቤ ይህ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ፣ ተማሪዎች "ኮስት ሼሪንግ" የሚሉት፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው የምግብና የመኝታ ወጪውን ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ይላል። ክፍያው ግን ከምረቃ በኋላ ነው የሚጀምረው። ተማሪው በየዓመቱ ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። መንግሥት ዛሬ የሚከፍለው በብድር መልክ ነው ማለት ነው።

ምዝገባ ላይ ያንን ቅጽ ሳያነብ የሚፈርም ተማሪ ብዙ ነው። እኔም ካልኖርኩበት ዶርም ወጪ ጋር ፈርሜ በኋላ ለማስተካከል አንድ ሙሉ ቀን ከመስኮት መስኮት ስዞር ውያለሁ። ቅጹ ላይ ምግብና መኝታ ተጠቃሚ መሆንና አለመሆን ለየብቻ ይሞላል። በጥሬ ገንዘብ የሚወስድ፣ ማለትም ነን ካፌ የሆነ ተማሪም የሚቀበለው ገንዘብ ዕዳው ላይ ይመዘገባል። በቀን 100 ብር ሲታሰብ በወር ሦስት ሺህ ብር ማለት ነው። ገንዘቡ በባንክ ሲገባ ስጦታ ይመስላል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ከደመወዙ ይቆረጣል።

ይህ ከተማሪዎች አገልግሎት አሠራር ጋር ምን አገናኘው? ብዙ አገናኘው። ካፌ ሰልፍ ላይ የቆመ ልጅ ምጽዋት ተቀባይ አይደለም፤ በኋላ የሚከፍልበትን ነገር የሚወስድ ደንበኛ ነው። "ወጡ ለምን ቀጠነ?" ብሎ ሲጠይቅ ውለታ ቢስ የሚባልበት ምክንያት የለም። ኃላፊውም በጀቱ ስንት እንደሆነና ምን ላይ እንደዋለ በሰሌዳ ለጥፎ ቢያሳይ ግማሹ ወሬ እዚያው ይሞታል ብዬ አምናለሁ።

ዶርም የሚደለደለው በምን መሠረት ነው?

ብዙ ጊዜ በትምህርት ክፍል፣ በዓመትና በመታወቂያ ቁጥር ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ "ከአገሬ ልጅ ጋር ልሁን" የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አይሳካም፤ ሆን ተብሎም ነው። ተማሪን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ ከጋምቤላ የመጣና ከመቀሌ የመጣ፣ ከጅግጅጋ የመጣና ከደብረ ማርቆስ የመጣ በአንድ ክፍል በተደራራቢ አልጋ ይገናኛሉ።

ለየት ያለ ድልድል የሚሠራላቸውም አሉ። አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ምድር ላይ ያለ ክፍል እንዲያገኙ ይደረጋል። የሕክምና ማስረጃ ያለው ተማሪም ሊቀየርለት ይችላል፤ ማስረጃውን ይዞ መሄድ ያለበት ግን ድልድሉ ከመለጠፉ በፊት ነው። ከተለጠፈ በኋላ አንድ ልጅ ማንቀሳቀስ ሌሎች ሦስት ልጆችን ማንቀሳቀስን ያስከትላል።

ቁልፍና ፍራሽ ሲሰጥ ፊርማ አለ። ፕሮክተሩ የሚያስፈርመው ወረቀት የአልጋውን፣ የሎከሩን፣ የመስኮቱን መስታወት ሁኔታ ይዘረዝራል። ሲገቡ የተሰበረ መስታወት ካለ ያኔውኑ "ተሰብሮ ነው ያገኘሁት" ብሎ ማጻፍ ነው፤ አለዚያ ሰኔ ላይ ዕዳው የፈራሚው ይሆናል። ምድጃና ሂተር የሚከለከለው አንድ ብሎክ የተዘረጋለት የመብራት መስመር ስድሳ ምድጃ ስለማይችል ነው። የትኋን መድኃኒት የሚረጨውም ክፍሎቹ ባዶ በሚሆኑበት በዕረፍት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ያልተረጨበት ዕረፍት ቢያልፍ እስከሚቀጥለው ድረስ መከራ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ግቢዎች ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የሚሞላው ልጅ የዶርሙ ባለውለታ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀምሯል። ይህ ለተማሪዎች አገልግሎት ትልቅ ለውጥ ነበር። ነባር ተማሪዎች ዶርም ለቀው፣ ክፍሎቹ ተጠርገው፣ ለቀናት የሚቆዩ እንግዶች አልጋና ምግብ ያገኛሉ፤ ከዚያ ወዲያው ለአዲሱ ዓመት መዘጋጀት ይከተላል። በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበሩ የአዲስ ተማሪ ቁጥር ድንገት አሽቆለቆለ። ሪሚዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ የሚማሩ ተማሪዎች ሲመጡም ቁጥሩ እንደገና ተቀየረ። ክረምት ላይ "ዘንድሮ ስንት አልጋ ያስፈልገናል?" ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ያለው ሰው በግቢው አልነበረም።

ግቢ ውስጥ ጸብ ሲነሳ ምን ይደረጋል?

እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሴኔት ሌጅስሌሽን የሚባል የውስጥ ሕግ አለው፤ የተማሪዎች ሥነ ምግባር መመሪያም ከዚያ ይመነጫል። ጥፋት ሲፈጸም ፕሮክተር ወይም ጥበቃ ሪፖርት ያደርጋል። ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል፤ ኮሚቴው ውስጥ የተማሪ ተወካይ ይቀመጣል። የተከሰሰው ተማሪ ክሱን በጽሑፍ ማወቅ፣ ቀርቦ መልስ መስጠት፣ ምስክር ማቅረብና በውሳኔው ይግባኝ ማለት ይችላል። ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ ከትምህርት እስከ መታገድና እስከ መጨረሻው እስከ መባረር ይሄዳል። የይግባኝ ጊዜው አጭር ስለሆነ የውሳኔው ደብዳቤ የደረሰበትን ቀን መያዝ ያስፈልጋል። ነገሩ ወንጀል ከሆነ ፖሊስና ፍርድ ቤት በራሳቸው መንገድ ይሄዱበታል፤ የኮሚቴው ውሳኔ እነሱን አይተካም። ጾታዊ ትንኮሳ የደረሰባት ተማሪ ጉዳዩን በፕሮክተር በኩል ብቻ ማድረስ አይጠበቅባትም፤ በየዩኒቨርሲቲው ያለው የሴቶች ጉዳይ ክፍል በቀጥታ ይቀበላታል።

የግለሰብ ጸብ የቡድን ሲሆን ግን ኮሚቴ አይበቃም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተፈጠረው ግጭት ተማሪዎች ሞቱ፤ ወዲያውም ረብሻው በሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፣ ብዙ ተማሪም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የዚያን ዓመት በዶርም ውስጥ የነበረ ሰው ማታ ማታ በር ላይ አልጋ ገትሮ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ከዚህ ዓይነቱ ችግር ከወጡ መፍትሔዎች ልቤን የነካው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃል ኪዳን ቤተሰብ ነው። ከሌላ አካባቢ ለመጣ ተማሪ በከተማው የሚኖር አንድ ቤተሰብ ይሰጠዋል። ቤተሰቡ በበዓል ይጠራዋል፣ ሲታመም ይጠይቀዋል፣ ወላጆቹ ስልክ ደውለው "ልጄ እንዴት ነው?" የሚሉት ሰው ይኖራቸዋል። ይህ ከአስተዳደር አንጻርም ብልህነት ነው። ግቢ ውስጥ ወሬ ሲናፈስ ልጁ የሚጠይቀው ሰው ከግቢ ውጭ አለው፤ የከተማው ሰውም "የዩኒቨርሲቲ ተማሪ" ሲባል የሚያስበው የራሱን ልጅ ነው። ከተማውና ግቢው በአጥር ተለያይተው ሲኖሩ ይህ አይገኝም።

የምክር አገልግሎት ለማን ነው?

ለሁሉም። ግን ሰው አይሄድም፤ ወይም የሚሄደው በጣም ከዘገየ በኋላ ነው።

አብዛኛው ፍሬሽ ተማሪ በትምህርት ቤቱ አንደኛ ወይም ሁለተኛ የነበረ ነው። ግቢ ሲገባ ሁሉም አንደኛ የነበረ ሆኖ ያገኘዋል። የመጀመሪያው ሚድ ኤግዛም ውጤት ሲለጠፍ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ቁጥር ያያል። ለእናቱ ምን ብሎ ይንገራት? ጎረቤት ደግሶ ሸኝቶታል። አንዳንዱ ዝም ብሎ ከዶርም አይወጣም፣ አንዳንዱ ጫት ቤት ይውላል፤ ውጤቱ ከወረደበት በኋላም በግዴታ እንዲወጣ ተወስኖበት ለቤተሰቡ ሳይናገር እዚያው ከተማ የሚቀር አለ።

አማካሪው የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። የሚነገረው ነገር በምስጢር ይያዛል። ጉዳዩ የሕክምና ከሆነ ወደ ክሊኒክ ወይም ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ የትምህርት ከሆነ ቱቶሪያል ወይም በሕጋዊ መንገድ ለጊዜው ትምህርት አቋርጦ የመመለስ አማራጭ እንዳለ ያሳያል። በሕጋዊ ቅጽ ያቋረጠ ተማሪ የመመለስ ዕድሉ ዝም ብሎ ከጠፋው እጅግ የተሻለ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ በጊዜ ቢያውቁ ዲግሪያቸውን ይዘው የሚወጡ ልጆች ነበሩ።

እኔ በተማርኩበት ግቢ የአማካሪዋ ቢሮ ከዲሲፕሊን ክፍሉ ቀጥሎ ነበር፣ በር ለበር። በዚያ ኮሪደር የታየ ልጅ ወይ አጥፍቷል ወይ "አእምሮው ተነክቷል" ይባላል። አማካሪዋ ጎበዝ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ግን ብቻዋን ትቀመጥ ነበር። በኋላ ላይብረሪው አጠገብ ወዳለች ጠባብ ክፍል ስትዛወር በሯ ላይ ወንበር ጠፋ። በጀት አልተጨመረም፣ ሠራተኛ አልተቀጠረም፤ የበሩ ቦታ ነው የተቀየረው።

የተማሪዎች ኅብረትስ ምን ሥልጣን አለው?

በአገራችን የተማሪዎች ኅብረት ሲባል ታሪኩ ከባድ ነው። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው ወጡ፤ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የኅብረቱ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። የዛሬው ኅብረት ሥራ በአብዛኛው ከዚያ የተለየ፣ የየዕለቱን ኑሮ የሚመለከት ነው። በሴኔትና በዲሲፕሊን ኮሚቴ ተማሪውን ይወክላል፣ የምግብ ኮሚቴ ያቆማል፣ የተማሪ ቅሬታ ሰብስቦ ለዲኑ ያቀርባል፣ አዲስ ተማሪ ለመቀበል መናኸሪያ ይወጣል።

ኅብረቱ በራሱ ወጥ ሠሪ መቅጠርም ሆነ በጀት መጨመር አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ማየትና መጠየቅ ነው፤ በደንብ ከሠራበት ይህ ትንሽ አይደለም። ጤፍ ሲመዘን ሚዛኑ ላይ የቆመ ተማሪ ካለ ሚዛኑ በሌላ መንገድ ይነበባል። ቅሬታም ሲቀርብ "ምግቡ መጥፎ ነው" ከማለት "ማክሰኞ ምሳ ላይ በሁለተኛው ካፌ ሽሮው ጥሬ ነበር" ማለት ኃላፊውን መልስ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቀን ተጽፎበትና ቅጂው ተይዞ።

ራስ ገዝነት ይህን ሁሉ ይቀይረዋል?

በከፊል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ መንገድ ከፈተ፤ የመጀመሪያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራስ ገዝ ማለት ዩኒቨርሲቲው ሠራተኛውን፣ ገቢውንና ወጪውን በራሱ ቦርድ ሥር ሆኖ ያስተዳድራል ማለት ነው። ለተማሪዎች አገልግሎት ይህ ሁለት ገጽ አለው። አሠራሩ ከፈጠነ ጨረታ ሲፈርስ ግዥው ላይ ቶሎ መወሰን ይቻላል። በሌላ በኩል በመንግሥት ወጪ ከሚማሩት ጎን በራሳቸው ከፍለው የሚማሩ ስለሚኖሩ፣ አልጋና ምግብ ለማን በምን ያህል ዋጋ እንደሚቀርብ በግልጽ መጻፍ የግድ ይሆናል። ልጁን ወደዚያ የሚልክ ወላጅ የትምህርት ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የመኝታና የምግቡን ነገር ለብቻው ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ሲመረቁስ ምን ይቀራል?

ክሊራንስ። ተመራቂው፣ በግቢ ቋንቋ ጂሲው፣ አንዲት ወረቀት ይዞ ይዞራል፦ ላይብረሪ፣ ካፌ፣ ስፖርት ክፍል፣ ክሊኒክ፣ ዶርም። በየቦታው "ከእኛ የወሰደው ንብረት የለም" የሚል ፊርማ ይሰበሰባል። አንድ ያልተመለሰ መጽሐፍ ቢገኝ ወረቀቱ እዚያ ይቆማል። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ይህን በመጨረሻው ቀን፣ ጋዋን ተከራይቶ ፎቶ ሊነሳ ሲል መጀመሩ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቀደም ቢባል በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

በዚያው ሰሞን የወጪ መጋራት ዕዳው ጠቅላላ ድምር ይሰላል። ጊዜያዊ ዲግሪው ለሥራ ፍለጋ ይሰጣል፤ ኦርጅናሉን ለማውጣት ግን የዕዳውን ክፍያ ማስረጃ ይጠየቃል። ድምሩ ሲነገር በየዓመቱ ከፈረሙት ቅጽ ጋር ማስተያየት፣ ምግብ በካፌም በገንዘብም ያልወሰዱበት ወይም ከዶርም ውጭ የነበሩበት ዓመት በትክክል መቀነሱን ማየት ያስፈልጋል። ስህተት ካለ ግቢ እያሉ ማስተካከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሥራ ይዘው ሌላ ከተማ ከገቡ በኋላ ግን ፈቃድ፣ ትራንስፖርትና የማይነሳ ስልክ አለበት።

የመጨረሻው ፊርማ ብዙ ጊዜ የፕሮክተሩ ነው። ፍራሹን ያያል፣ መስታወቱን ይቆጥራል፣ ቁልፉን ይቀበላል፣ ከዚያ በብሎኩ መዝገብ ላይ ስሙን ይሰርዛል። በነጋታው የክፍሉ በር ይከፈታል፣ ይጠረጋል፣ የትኋን መድኃኒት ይረጭበታል። አልጋው ለሚቀጥለው ዝርዝር ባዶ ተብሎ ይመዘገባል።